ሌሊት 10 ሰዓት የምነሳው ለቴምብር ነው፣ ባለቤቴ ግን ሌላ ሴት መስሏታል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ዕድሜዬ 43 ነው፣ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ባልደረባዬ በስልኩ የድሮ ፖስታ ፎቶ አሳየኝ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከጅማ የተላከ ነው። የጣሊያኑ ንጉሥ ፊት ያለበት፣ በላቲን ፊደል «ኤቲዮፒያ» የሚል ቴምብር ተለጥፎበታል፣ በክቡ ማኅተም ውስጥ ደግሞ የከተማችን ስም ይነበባል። በቃ፣ ልቤ እዚያ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር የኢንተርኔት ጨረታ እገዛለሁ። አካውንቱ ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ነው። እሷ ትከፍላለች፣ እኔ ብሩን እዚህ ለእናቷ እሰጣለሁ፣ ዕቃውን ሰው ስታገኝ ትልክልኛለች። ጨረታዎቹ የሚዘጉት በእነሱ እሁድ ማታ ስለሆነ እኛ ጋ ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ይሆናል። ሳሎን ቁጭ ብዬ በስልኬ እጫረታለሁ።

ከወር በፊት 80 ሺህ ብር ዕቁብ ደረሰኝ። ለወጥ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮና እንጨት ልንገዛበት ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን ነበር፣ የጅማን ዝናብ ያውቁታል። ከዚያ ላይ ወደ 45 ሺህ ብር አንስቼ አንድ ፖስታ ገዛሁ። ጨረታው በ60 ዶላር ነው የጀመረው፤ አንድ ሰው አልለቅ አለ፣ እኔም አልለቅ አልኩ፣ 310 ዶላር ላይ ለእኔ ቀረ። የጅማ ማኅተም አለው፣ ቀኑ ማርች 14፣ 1938 ይላል፣ ከጎኑ በሮማውያን ቁጥር 15 ተጽፏል። አክስቴ ልጅ ጋ ከደረሰ ዛሬ 19 ቀኑ ነው፣ ዕድል ሆኖ የሚመጣ ሰው ስለተገኘ ቶሎ እጄ ገባ። ደስታዬ ግን ሁለት ቀን አልቆየም። ወረቀቱ በጣም ነጣብኝ። ተሸውጄ ይሆን?

ባለቤቴ ሌሊት መነሳቴን አይታለች። «ማን ናት?» አለችኝ። ስልክህን ስጠኝ ስትለኝ ከለከልኳት፣ የገንዘቡ መልእክት ሁሉ እዚያ ላይ ስላለ። አብረን እንበላለን እንጂ አናወራም።

ባለፈው እሁድ ደግሞ አባቴ ሊጠይቁን መጡና ልጄ አልበሙን አሳየቻቸው። 88 ዓመታቸው ነው። አያቴ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ጎጀብ ወርደው አልተመለሱም፣ አባቴ ያኔ ገና አልተወለዱም። «የአባቴን ገዳይ ንጉሥ በብር ገዝተህ በፕላስቲክ ሸፈንከው?» አሉኝና ቡናውን ሳይጠጡ ሄዱ። ሁሉንም ላቃጥለው? ልሽጠው? ለባለቤቴስ ምን ልበላት?

የቴምብሩ ሰው፣ ከጅማ

*

ወንድሜ፣ ምንም ነገር አታቃጥል። ዛሬም አትሽጥ። በዚህ ስሜት ውስጥ ሆነህ የምትሸጠውን ነገር በግማሽ ዋጋ ሸጠህ ሁለተኛ ጸጸት ታተርፋለህ። ጊዜ የማይሰጥ አንድ ጉዳይ ስላየሁ ደብዳቤህ እንደደረሰኝ በኢሜይል ጽፌልሃለሁ፣ እሱን ከታች እመለስበታለሁ። ሌላውን ግን ቀስ ብለን እናውራው።

ከባለቤትህ ልጀምር፣ ምክንያቱም አሁን በቤታችሁ ውስጥ በጣም እየተጎዳች ያለችው እሷ ናት። አንተ የደበቅካት ፖስታ ነው። እሷ ግን ፖስታ አላየችም። ያየችው ባሏ ሌሊት ከአጠገቧ ተነስቶ ሲሄድ፣ ሳሎን ጨለማ ውስጥ የስልክ ብርሃን ፊቱ ላይ ሲበራ፣ ስልኩን ስጠኝ ስትለው ሲከለክላት ነው። ይህን አንተ ብታይ ምን ትል ነበር? «ማን ናት?» ብላ ስትጠይቅህ ዝም ያልክ ጊዜ እሷ መልስ የተሰጣት መስሏታል። እስከ ዛሬ ተሸክማው የምትዞረው ነገር ከእውነቱ በጣም ይከብዳል። ይህን ሸክም ከላይዋ ልታወርድላት የምትችለው አንተ ብቻ ነህ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ።

ቡና ላይ አትንገራት። ቡና ላይ ጎረቤት አለ፣ ልጆች አሉ፣ እሷም ስኒ ይዛ ማልቀስ አትፈልግም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ንገራት። የመጀመሪያው አረፍተ ነገርህ ገንዘቡ ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ሌላ ሴት የለችም። ከዕቁቡ ላይ 45 ሺህ ብር አውጥቼ የድሮ ፖስታ ገዛሁበት። ስልኬ ይኸው፣ ሁሉንም እይው።» ከዚያ ዝም በል። ስለ ማኅተሙ ውበት ያን ምሽት አታውራ። የጣሊያን ጊዜ ታሪክ ውስጥም አትግባ፣ ምክንያቱም ያኔ የምትናገረው ሁሉ ማመካኛ ሆኖ ነው የሚሰማት። የቀረውን 35 ሺህ ብር ደግሞ እዚያው በእጇ ስጣት፣ ቆርቆሮው በእሱ ይጀመር።

ከጠበቅኸው በላይ ልትቆጣ ትችላለች። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከባለቤቴ ደብቄ ለዘመድ ያበደርኩት ገንዘብ ነበር። ስነግረው ያመመው ብሩ አልነበረም፣ ስምንት ወር ሙሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኜ አጠገቡ መቀመጤ ነው ያመመው። የአንተም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ከተቆጣች ትቆጣ፣ አትከራከራት፣ «ለዚች ለወረቀት» ብትልህም ስለ ወረቀቱ አትሟገት። የማስጠናት ገቢ ወይም ሌላ ትርፍ ገንዘብ ካለህ የጎደለውን በስንት ወር እንደምትሞላ በወረቀት ጽፈህ አቅርብላት። የሒሳብ መምህር አይደለህ? ከይቅርታው ጋር ቁጥር ስታይ ትንሽ ትተነፍሳለች። ለአክስትህ ልጅም አንድ ቃል አለብህ፣ ምስጢር ጠብቂልኝ ብለህ ከሆነ እሷንም ችግር ውስጥ ከትተሃታል።

አሁን ወደ ጨረታው እንምጣ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ። ያን ሌሊት 60 ዶላር ላይ ስትጀምር ፖስታውን በስንት ልትገዛው አስበህ ነበር? 310 ላይ ስትደርስስ የምትፈልገው ፖስታውን ነበር ወይስ ያንን ሰው ማሸነፍ? ደብዳቤህ ላይ «አንድ ሰው አልለቅ አለ፣ እኔም አልለቅ አልኩ» ብለህ ነው የጻፍከው። እዚያች መስመር ላይ ቴምብር የለም፣ ጅማም የለችም። እልህ ነው ያለው። ጨረታ ይህን ያደርጋል፣ ደግሞ ያ ሰው እውነተኛ ተጫራች ይሁን ወይም ዋጋ እንዲወጣ ሻጩ ያቆመው ሰው ይሁን ከጅማ ሆነህ ልታውቅ አትችልም። በዚያ ላይ ስክሪኑ የሚያሳይህ ዶላር ነው። «ሃያ ዶላር ልጨምር» ስትል ትንሽ ነገር ይመስላል። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከመተዉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ አሁን ከ100 ብር በእጅጉ በላይ ነው። ስለዚህ በስልክህ አንድ ጊዜ በነካህ ቁጥር የወጥ ቤቱ ቆርቆሮ እየተነቀለ ነበር ማለት ነው።

ደስ የሚለው፣ ሌሊት መነሳቱ ጨርሶ አያስፈልግህም። አብዛኞቹ ትላልቅ የጨረታ ገጾች የመጨረሻ ዋጋህን ቀድመህ እንድታስገባ ይፈቅዳሉ። ለምሳሌ 40 ዶላር ብለህ ማታ አስገብተህ ትተኛለህ፣ ሲስተሙ ሌላው ሰው በጨመረ ቁጥር በአንተ ስም እስከዚያች ጣሪያ ድረስ ብቻ ይጨምርልሃል። ጠዋት ስትነሳ ወይ የአንተ ነው ወይ አይደለም። ጣሪያዋን ስትወስን ደግሞ የካታሎጉን (የቴምብር ዋጋ የሚዘረዝረውን መጽሐፍ) ዋጋ አትይ፣ ካታሎግ ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ሰው በእውነት ከሚከፍለው በጣም ይበልጣል። ገጹ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን መርጠህ ያው ዓይነት ዕቃ ባለፉት ወራት በስንት እንደሄደ ተመልከት። እንዲያውም ጣሪያዋን ከባለቤትህ ጋር ወስኗት። በወር ይህን ያህል ብር ለቴምብር ተባብላችሁ ከተስማማችሁ በኋላ የምትገዛትን ትንሿን ነገር በሙሉ ልብህ ጠረጴዛ ላይ አውጥተህ ታያታለህ። አሁን እኮ የራስህን ስብስብ እንደ ሌባ ነው የምታየው።

አሁን ያ አስቸኳይ ያልኩህ ጉዳይ፣ ፖስታው ራሱ። ከ30 ዓመት በላይ ቴምብር የሚሰበስቡ አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፣ የላክልኝን ፎቶ አሳየኋቸው። በፎቶ ብቻ መፍረድ አይቻልም አሉኝ፣ ግን ወዲያው ጣታቸውን ያሳረፉት ያቺ ቁጥር 15 ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋሺስቶች የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነበራቸው፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከኦክቶበር 1922 መጨረሻ ጀምሮ ይቆጥሩ ነበር። በዚያ ጊዜ በነበሩ የፖስታ ማኅተሞች ላይ ከቀኑ ጎን በሮማውያን ቁጥር የምታየው ይህ ነው። 15ኛው ዓመት ከኦክቶበር 1936 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1937 መጨረሻ ነው። ማርች 1938 ላይ 16 መሆን ነበረበት። የፖስታ ቤት ጸሐፊም እጁ ተሳስቶ ቁጥሯን ሳይቀይር ሊቀር ይችላል፣ ስለዚህ ይህ ብቻውን ፖስታውን ሐሰተኛ አያደርገውም። ግን አንተም ወረቀቱ ነጣብኝ ብለሃል።

እሱን ለማየት ጥሩ ዘዴ አለ። ከተማ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚፈትሹበት ወይን ጠጅ ብርሃን ያለው ትንሽ መብራት የያዘ ሱቅ አታጣም። ጨለማ ቦታ ፖስታውን ከሥሩ አድርገው። የዛሬ ወረቀት እንዲነጣ የሚጨመርበት ኬሚካል ስላለ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ይህ ኬሚካል ወረቀት ላይ መግባት የጀመረው ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1930 ዓ.ም. የተላከ ፖስታ እንደዚያ ካበራ ነገሩ አለቀ። ቀጥሎ በማጉያ መነጽር ማኅተሙ ከቴምብሩ ላይ ወደ ፖስታው ሲሻገር መስመሩ ሳይሰበር መቀጠሉን እይ። ከጀርባው የደረሰበት ከተማ ማኅተም ካለም ቀኑን አስላው፣ ከመላኩ በፊት «የደረሰ» ፖስታ ብዙ ሰው ገዝቷል።

አጭበርባሪዎች ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ ብለህ ታስብ ይሆናል። በ1936 እንደ አውሮፓውያን የወጣው የንጉሡ ቴምብር ከ10 ሳንቲም እስከ 1 ሊሬ ከ25፣ ሰባት ዓይነት ነው፣ ነጠላ ነጠላውን ደግሞ ብዙ ጊዜ በጥቂት ዶላር ታገኘዋለህ። ገንዘብ የሚያወጣው ማኅተሙ ነው፣ በተለይ እንደ ጅማ ያለ ከተማ ማኅተም። ርካሽ ቴምብር ያረጀ ፖስታ ላይ ለጥፎ በላዩ ማኅተም የሚመታ ሰው የሚያተርፈው በዚህች ልዩነት ነው። እና ሲፈልግ የሚያገኘው አንተን ነው፣ አገሩን የሚወድ፣ ሩቅ ያለ፣ ዕቃውን ለመመለስ የሚቸገር ሰው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለአክስትህ ልጅ ደውል። አካውንቱ የእሷ ስለሆነ አቤቱታውን መክፈት የምትችለው እሷ ናት። የገዛህበት ገጽ የራሱ ደንብ ይኖረዋል፣ ለምሳሌ ኢቤይ ላይ ዕቃው እንደተገለጸው ካልሆነ ገዢው የሚያመለክተው በ30 ቀን ውስጥ ነው፣ የሚቆጠረውም ዕቃው እሷ ጋ ከደረሰበት ቀን ነው እንጂ አንተ ጅማ ላይ ከተቀበልክበት አይደለም። ደብዳቤህን የጻፍክ ዕለት 11 ቀን ነበር የቀረህ። የፊቱን፣ የጀርባውን፣ በመብራቱ ሥር ያለውን ጥርት ያለ ፎቶ ላክላት። ለሻጩ የሚጻፈው መልእክት ጨዋና አጭር ይሁን፦ የማኅተሙ ዓመት አይገጥምም፣ ወረቀቱ በመብራት ሥር ያበራል (ካበራ ብቻ)፣ መመለስ እፈልጋለሁ። ስድብም ልመናም አያስፈልግም። መልስ ከተባልክ በአደራ ፖስታ ላከውና ደረሰኙን ያዝ። ገንዘቡ ተመለሰ አልተመለሰ ለባለቤትህ የምትነግራት ግን ከዚያ በፊት ነው። ብሩ እስኪመለስ ልጠብቅ ካልክ ድብቁ ይቀጥላል።

አባትህ ጋ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። የእሳቸውን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። ያቺን ፊት በአልበም ሲያዩ ያዩት የወረቀት ንጉሥ አይደለም። ወደ ጎጀብ ወርዶ ያልተመለሰውን ሰው ነው ያዩት፣ ፊቱን እንኳ የማያውቁትን አባታቸውን። ምናልባት የአባታቸው ፎቶ በቤት ውስጥ የለም። የገዳዩ ንጉሥ ሥዕል ግን ይኸው በልጃቸው ቤት፣ ንጹሕ ሆኖ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ። ይህ ቢያማቸው ይፈረድባቸዋል?

አንተም ግን ክፉ አላሰብክም። ያንን ቴምብር የወደድከው ንጉሡን ወድደህ አይደለም፣ የከተማህን ስም ስላየህ ነው። ቪክቶር ኢማኑኤል ራሱን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ያስባለው ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በአራተኛው ቀን ነው፣ ያ ቴምብር የዚያ ሐሰት የወረቀት ምስክር ነው። ማኅተሙ ላይም ጣሊያኖች የጅማን ስም በጄ (J) ሳይሆን በጂ (G) ፊደል ነው የጻፉት፣ በራሳቸው አፍ። እኔ ይህ ቢቀመጥ እንጂ ቢቃጠል የሚጠቅም አይመስለኝም። ግን ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፣ ለአባትህ ደግሞ እንደ ክርክር ይዘህ እንድትሄድ አልመክርህም። በ88 ዓመታቸው ከልጃቸው የታሪክ ትምህርት አይፈልጉም።

ይልቅ አልበሙን እንደገና ስለ ማዘጋጀት አስብ። አሁን ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ማን ነው? የጣሊያኑ ንጉሥ ከሆነ ሰው ሌላ ምን ይረዳል? ከፊቱ የራሳችን ይቅደም። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የምኒልክ ምስልና የይሁዳ አንበሳ ያለባቸው በ1886 ዓ.ም. ናቸው፣ ፓሪስ የታተሙ፣ እነሱም ሰባት ዓይነት። አምስቱ የወረራ ዓመታት መሐል ላይ ይግቡ። ቀጥሎ በ1934 ዓ.ም. የወጡት፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል የተመለሰባቸው። እነዚህን ሁሉ ዛሬ ግዛ አላልኩህም! ቦታውን ባዶ አድርገህ ተውለት፣ ቀስ እያልክ ትሞላዋለህ። አዲስ አበባ ስትወጣም ዋናው ፖስታ ቤት ያለውን የፖስታ ሙዚየም ግባና እየው፣ ያለ ምንም ጨረታ ቀኑን ሙሉ ስታይ ልትውል ትችላለህ።

አንድ ገጽ ደግሞ ለአያትህ ተውላቸው። እዚያ ላይ ምን እንደሚጻፍ አንተ አታውቀውም፣ አባትህ ናቸው የሚያውቁት። እናታቸው ምን ነግረዋቸው ነበር? በየትኛው መንገድ ወጡ፣ ማን አብሯቸው ነበር፣ መርዶውን ማን አመጣው? አዲስ አበባ በሚያዝያ 1933 ነፃ ወጣች፣ ጅማ ግን እስከ ሰኔ ጣሊያን እጅ ነበረች። ያኔ አባትህ የአራት ዓመት ገደማ ልጅ ናቸው። የዚያን ሰኔ ያስታውሱት ይሆን? ጠይቃቸው፣ ከፈቀዱልህ በስልክህ ቅዳው፣ ያው ሌሊት የምታነሳውን ስልክ።

ቡናቸውን ሳይጠጡ ስለሄዱ አንተ ነህ መሄድ ያለብህ። በመጀመሪያው ቀን አልበሙን አትያዝ። ቡና ይዘህ ሂድ፣ «አባባ፣ ሳልጠይቅዎት ማድረጌ ጥፋቴ ነው» በላቸው፣ ከዚያ ስለ አያትህ ጠይቅና አድምጥ። ካላወሩህም ሌላ ቀን ተመለስ። አልበሙን አምጣው ካሉህ ግን ይዘህ ስትሄድ ማጉያ መነጽርህን እንዳትረሳ፣ የማኅተሙ ጽሑፍ በጣም ደቃቅ ነው።